ሲሞቀው የሚያኮርፍ ሙጫ

ሰው ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ለሕክምና፣ ለክርክር ወይም ለሠርግ ነው። እኔ የሄድኩት አንድ ጠርሙስ የተበላሸ ሙጫ ለማሳየት ነው። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው አራዳንና ፒያሳን በወሬ ብቻ ለምታውቁት ለሰፈሬ ሰዎች ሲሆን፣ የምጽፈውም ያ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው። በጊዜው ጽፌው ቢሆን ኖሮ እኔን ለማስፈታት ሌላ መምህር ሌላ ጠርሙስ ይዞ መሄድ ነበረበት።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ለየከተማው የፖስተር መለጠፊያ ዱቄት በስጦታ መጣ። ነጭና ደቃቅ ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ሙጫ ይሆናል ተባለ። አበጣበጡ ከረጢቱ ላይ በላኪዎቹ ቋንቋ ተጽፏል። ማንም አላነበበውም፤ ማንም ደግሞ አላነበብኩትም አላለም። በቀበሌያችን ፖስተር የሚለጥፉት ታፔላ ጸሐፊው ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ በሰፈሩ ያለ የሱቅ ስም ሁሉ የእጃቸው ሥራ ነው። በማለዳ ዱቄቱን በጥብጠው የሦስቱን ጢማሞች ሥዕል አደባባዩ ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ወጣቶች እንደሆናችሁ አታውቋቸውም እንጂ፣ ሦስቱ ጢማሞች በየአደባባዩ ከፍ ብለው ቁልቁል የሚያዩን የባዕድ አገር ሰዎች ነበሩ። ጠዋት ደህና ተለጥፈው ነበር። ቀትር ሲሆን፣ ድሬዳዋም ድሬዳዋነቷን ስታሳይ፣ አንድ በአንድ እየተንሸራተቱ ወረዱ። የመጨረሻው በግንባሩ ተደፋና አንዲት ፍየል ከጢሙ ጀመረችው።

ጋሽ ተሰማ ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት የስንዴ ዱቄት ኮላ ነው። የስንዴ ኮላ አልይዝ ካለ በደንብ አልበሰለም ማለት ስለሆነ መድኃኒቱ እሳት ነው። እናም አዲሱንም በበርሜል ጥደው አንተከተኩት። ባበሰሉት መጠን ባሰበት፤ መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ቀጥሎ እንደ አይብ ጓጎለ። አብዮት ጥበቃዎቹ ሲመጡ እሳት ሥር ተንበርክከው አገኟቸው።

“ጠዋት ጠዋት እኮ ደህና ነው፤ ቀን ቀን ነው የሚበላሸው” አሉ ጋሽ ተሰማ።

“እንግዲያው አሻጥሩን የምትሠራው ሰዓት መርጠህ ነው” ተባሉና ታሰሩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የአቅሙን ያህል ደግ ሰው ነበር። “ሙጫው ራሱ ችግር እንዳለበት ከአዲስ አበባ ማረጋገጫ ከመጣ ይፈታል። ከበዓሉ በፊት ካልመጣ ግን ጉዳዩ ወደ ላይ ይተላለፋል” አለ። በዚያ ዘመን ወደ ላይ የተላለፈ ጉዳይ ሲወርድ ያየ ሰው የለም። ማን ይሂድ ሲባል የሰፈራችን ሰው ሁሉ በዚያ ሳምንት ሥራ በዛበት። ከጋሽ ተሰማ በር ፊት ያለችው አግዳሚ ወንበር፣ ማታ ማታ ቦታ የሚጠፋባት፣ ባዶዋን ማምሸት ጀመረች። የልብስ ሰፊው የአቶ ግዛው ቤት ከእሳቸው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ እሱ እንኳ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባ ጀመር። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ አፌም አያርፍም። በስብሰባ ላይ “ነገሩ የሰው ጥፋት አይመስለኝም” ብዬ ተናገርኩ። በስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ደግሞ ወዲያው ይመረጣል።

በቀትር ከበርሜሉ ወተት የመሰለው ፈሳሽ በአረቄ ጠርሙስ ተቀዳ። በቡሽ ተደፈነ፣ በክር ታሰረ፣ በቀለጠ ሰም ላይ የቀበሌው ማኅተም ተመታበት፣ በጋዜጣ ተጠቀለለ። በይለፍ ወረቀቴም ላይ “አንድ ጠርሙስ ነጭ የተበላሸ ሙጫ የያዘ” ተብሎ ተጻፈ። የጋሽ ተሰማ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ በር ድረስ ሸኙኝ።

“አፍንጮ በር እህቱ ዘነበች ቤት እረፍ፤ እሷ ሰው ታውቃለች” አሉኝ። “መታሰሩን ግን እንዳትነግራት፤ ደም ብዛት አለባት።”

“ለምን መጣህ ብትለኝስ?”

“መምህር አይደለህ? አንድ ነገር አታጣም።”

የመጀመሪያው ቀን

ባቡሩ በጠዋት ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ወፍራም መስላኝ ነበር፤ ስትተነፍስ ግን አራት ቀሚስና ሦስት ሹራብ ደርባ መልበሷን አየሁ። ባቡሩ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ እንዲሁ ነበሩ። ከድሬዳዋ ጨርቅ በሻንጣ ሲሄድ ኮንትሮባንድ ይሆናል፤ በሰው ላይ ሲሄድ ግን ልብስ ነው። በዚያ ሐሩር ላባቸው እየተንጠፈጠፈ “ብርድ አይስማማኝም” ይባባሉ ነበር።

ሚኤሶ ላይ ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ፈታሾቹ፣ ገቡ። ሦስት ሹራብ የለበሰችውን አለፉና የእኔን ጋዜጣ ቀደዱ። ጠርሙሱ ወተት እንደ መሰለ ነው።

“ምንድነው?”

“የተበላሸ ሙጫ።”

“የተበላሸውን ወደ አዲስ አበባ ትወስዳለህ? ደህናውን ሲወስዱ ነው የማውቀው።”

አንደኛው ወረቀቴን አነበበ፤ “ነጭ” የሚለውን በጣቱ ተከትሎ ጠርሙሱን አየና መለሰልኝ። እስከ ዛሬ የማመሰግነው ለዚህ ነው፤ በነጭነቱ ከእኔ ሌላ የመንግሥት ሰው ምስክር ሆነ።

የከብት መንጋ ሐዲዱ ላይ ተኝቶ ስላዘገየን አዋሽ ስንደርስ መሸ፤ ባቡሩም እዚያው አደረ። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ። አልጋዬን እንደ እኛ አገር ግቢ አውጥተው አነጠፉልኝ፤ አንሶላውን ውኃ ነክረው ጨምቀው አለበሱኝ። እኛም በሐምሌ እንዲህ እናደርጋለን፤ ከቤቴ የወጣሁ አልመሰለኝም። የተጠበሰ አሣ አቅርበው እሾሁን እየለቀሙ አብረውኝ ቁጭ አሉ። ሥራዬን ሲጠይቁኝ “መምህር ነኝ” አልኩ። “ታዲያ ምነው ጠርሙስ አቅፈህ ትተኛለህ?” አሉ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ሙጫ የሚለው ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቅንቀው ሁለተኛ አሣ ጨመሩልኝ።

ሁለተኛው ቀን

ከናዝሬት በኋላ ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ተለወጠ። በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነበርኩ፤ ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ያቺ ሴትዮ አይታኝ ከሹራቦቿ አንዱን አወለቀች። “በል ልበስ ወንድሜ፤ ሰው በብርድ እያየሁ አይሞትም” አለችኝ። ደግነቷ ዓይኔን በእንባ ሞላው። ለገሃር ወርደን ፍተሻውን እንዳለፍን ግን እጄን ያዘችና “በል አውልቅ” አለች። በፍተሻው በኩል የእሷን አንድ ሹራብ ያሻገርኩላት እኔ ነበርኩ። ቢሆንም እስከዚያ ሞቆኝ ነበርና ቅር አላለኝም።

ፍተሻው ላይ ግን የእኔ ጉድ ወጣ። የለገሃሩ ፊናንስ ጋዜጣውን ፈታ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል! ማኅተሙ እንዳለ፣ ክሩ እንዳለ፣ ሰሙ እንኳ አልተሰነጠቀም። ነጩ የለም።

“ነጩ የት አለ?” አለ ወረቀቱን እያየ።

“ነበረ።”

“ጠጣኸው?”

“ማኅተሙን እዩት እንጂ!”

አገላብጦ አየው፤ ከዚያ አዘነልኝ። “ውኃ ወደ አዲስ አበባ ማስገባት አልተከለከለም” ብሎ አሳለፈኝ። ጋሽ ተሰማን ያስፈታል ያልኩት ማስረጃ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ጠፍቶብኛል። ይዤ የደረስኩት ማስረጃ የሚመሰክረው እኔ ውሸታም መሆኔን ነው።

ከለገሃር ፒያሳ በውይይት ታክሲ ወጣሁ። ውይይት ማለት ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተፋጥጦ የሚቀመጥባት መኪና ናት፤ ስሟ ውይይት ይሁን እንጂ ማንም ምንም አይናገርም። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስንወጣ ዝናቡ ቁልቁል እየወረደ ነበር፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ውኃ በመንገድ ሲሄድ ሰው እቃውን ተሸክሞ ይሸሻል፣ እዚህ ጫማውን እንኳ አያወልቅም። ከፒያሳ በትንሿ ሰይቼንቶ ታክሲ አፍንጮ በር ደረስኩ።

እትዬ ዘነበች ገና ስሜን ሳልጨርስ ሳሙኝ። እግሬን በሙቅ ውኃ አጠቡ፣ ጋቢ ደረቡልኝ፣ ሽሮውን በጎመን አቀረቡ፣ በየመሐሉ ያጎርሱኛል። ድሬዳዋ ለእንግዳ የሚቀርበው ቀዝቃዛ ነገር ነው፤ እዚህ ሁሉ ነገር ይፋጃል።

“ተሰማ እንዴት ነው? ምነው ደብዳቤ ጠፋ?”

“ሥራ በዝቶባቸው ነው።” ይህች ቃል በዚያ ሰሞን ብዙ አገልግላለች።

“ከሳ እንዴ?”

“ኧረ ደህና ናቸው።”

ትኩር ብለው አዩኝና ሌላ ጉርሻ ጠቀለሉ። ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጥ ማኅተሙን አዩ፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ ስለ ሙጫው ማውራት ስለ ወንድማቸው ማውራት ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ጉዳዩን የሚያየው መሥሪያ ቤት ቸርችል ላይ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም በዚያ ሕንጻ ሌላ መሥሪያ ቤት ስላለ ያልሠራው ሥራ እንዳይተርፈው። ጓድ ኃላፊ ካኪ የለበሱ፣ “በተጨባጭ ሲታይ” ሳይሉ አፋቸው የማይከፈት ሰው ናቸው። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አነሡ።

“በተጨባጭ ሲታይ ይሄ ውኃ ነው።”

“ጓድ፣ ድሬዳዋ ላይ ነጭ ነበር።”

“ማኅተሙ አልተነካም። ስለዚህ ወይ ቀበሌው ሲያሽግ ዋሽቷል፣ ወይ አንተ አሁን ትዋሻለህ። የትኛው ይሻልሃል?”

ከዚያ ወደ ኮሪደር ወሰዱኝ። በዚያው በስጦታ ዱቄት የተለጠፉ ሦስት ጢማሞች ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። በጥፍራቸው ጫፉን ሊያነሱ ሞከሩ፤ እምቢ አለ። እኔንም እንድሞክር አዘዙኝ፤ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። እንዲያ ያለ ጠንካራ ሙጫ በሕይወቴ አላየሁም።

“አየህ? አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሙጫ ድሬዳዋ ላይ አልሠራም ካለ ችግሩ የሙጫ አይደለም፤ የንቃት ነው። ለጣፊው ንቃቱ ዝቅተኛ ነው። ይህንን ጽፌ ልስጥህ?”

“አይ! ይቅርብኝ” አልኩ። እንዲያ ያለ ወረቀት ይዤ ከምገባ ሳልመለስ ብቀር ለጋሽ ተሰማ ይሻላቸው ነበር። ጠርሙሴን አቅፌ ወጣሁ።

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ገብቼ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ማኪያቶ አዘዝኩ። ስኳር ጠፍቷል ተብሎ ያለ ስኳር ቀረበ። ከጎኔ ቆሞ የነበረ አንድ የአራዳ ሽማግሌ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣና ሳልጠይቀው ግማሹን አፈሰሰልኝ። “ጌታው፣ ፊትህ ሲታይ ማኪያቶው ብቻ አይበቃህም” አለ። የዚያን ቀን ሳቅኩ ብል የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው።

አራተኛው ቀን

ጎሕ ሲቀድ በእልልታ ነቃሁ። መጀመሪያ ያየሁት መደርደሪያው ነው፤ ጠርሙሱ የለም! ወደ ሳሎን ብወጣ እትዬ ዘነበች መሬት ተንበርክከዋል፤ ሁለት ጎረቤቶቻቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገባቸው ቆመዋል። ጠርሙሱ በነጠላ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ወተት መስሏል።

“ልጄ! ለምን አልነገርከኝም? የቁልቢ ገብርኤል ጠበል ይዘህ መምጣትህን!”

ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣ፣ የጠራ፣ በማኅተም የታሸገ ጠርሙስ ለአዲስ አበባ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እትዬ ዘነበች ሆዳቸውን ያማቸዋል። ማታ ጠርሙሱን በአክብሮት አንሥተው፣ ማኅተሙን ሳይነኩ፣ በመቀነታቸው ሆዳቸው ላይ አስረውት አድረዋል። ጠዋት ሲፈቱት ጠበሉ ነጭ ሆኗል። “ሕመሜን ከሆዴ ወስዶ ነው የነጣው” አሉ። አንደኛዋ ጎረቤት በእሷም ጉልበት ላይ እንዲታሰርላት ጠየቀች።

እኔ ግን ጠርሙሱን አንሥቼ ያዝኩት። ለብ ብሏል። መስኮት ላይ፣ ብርዱ ጋ አስቀመጥኩት። ሁላችንም እያየነው ከዳር ጀምሮ መጥራት ጀመረ። ሴቶቹ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፤ ግን እኔ ያማተብኩት “ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፤ ቀን ቀን ነው የሚበላሸው” የሚለው የጋሽ ተሰማ ቃል ትዝ ብሎኝ ነው።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ እትዬ ዘነበች ጠበሉን ሊከፍቱ ቢላዋ አነሡ። ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም።

“እትዬ፣ ጠበል አይደለም። ሙጫ ነው።” ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጢማሞቹን፣ ፍየሏን፣ በርሜሉን፣ እስሩን።

ቢላዋውን አስቀመጡ።

“በእጄ እያጎረስኩህ ወንድሜን ደበቅከኝ?” አሉ።

“እትዬ አስካለ ናቸው፤ ‘ደም ብዛት አለባት’ ብለውኝ…”

“ደም ብዛት ያለብኝ የደበቁኝ ነገር ስለበዛ ነው!” ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ጠርሙሱን መልሰው ሰጡኝ። “በል ተነሥ። ሙጫም ቢሆን፣ ሰው የሚያስፈታ ከሆነ ከጠበል በምን ያንሳል?”

ሰው ያውቃሉ የተባለው እውነት ነበር። የልጃቸው አብሮ አደግ ሐሰን በአንድ ላቦራቶሪ ኬሚስት ነው፤ አባቱ ከወሎ መጥተው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ ናቸው። ከሥራ በኋላ እዚያው አገኘሁት። አባትየው “ከድሬ የመጣ ሰው ቆሞ አያወራም” ብለው በርጩማ፣ ሳምቡሳና ትኩስ ሻይ አስመጡ። ሐሰን ጠርሙሱን ከሻዩ ብርጭቆ ጋር አጣብቆ ያዘው፤ በብርጭቆው በኩል ነጣ። ደጅ ያለ የዝናብ ውኃ ውስጥ ነከረው፤ ጠራ። ደገመው። ሦስተኛ ሲያደርገው አባትየው ደንበኛ ትተው መጡ።

“ይሄማ ተንኮለኛ ነገር ነው!” አለ ሐሰን ደስ ብሎት። ከመደርደሪያ ዘርፍ ያለው ሻሽ አወረደ። “ተመልከት። መሐሉ ላይ ረጅም ግንድ አለ፤ ይሄን ጨርቅ በለው። ግንዱ ምንጊዜም ውኃ ይወዳል። ግንዱ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቅጥያ ተተክሎበታል፣ እንደዚህ ዘርፍ። ዘርፎቹ ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ሲበርዳቸው ውኃውን አቅፈው ይዘረጋሉ፤ ያኔ ሙጫው ይጠራል፣ ይይዛልም። ሲሞቃቸው ውኃውን ይለቁና እርስ በርስ ይጨማደዳሉ።”

“ለምን አይዘቅጥም ታዲያ? ለምንስ ወተት መስሎ ይቀራል?”

“ግንዱ ውኃውን አልለቅም ስለሚል ነዋ። ብዙ አብስለህ ካጨናነቅከው ግን ያው መጓጎሉ አይቀርም። ከሰው ገላ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት ሲደርስ ይገለበጣል። የእናንተ አገር ጥላ እንኳ ከዚያ ይሞቃል።”

“ተመልሶ ሲበርደውስ?”

“ይታረቃል። መቶ ጊዜ ብታስኮርፈው መቶ ጊዜ ይታረቃል። ቂም አያውቅም።”

አባትየው ሻሹን አጣጥፈው ወደ ቦታው መለሱ። “ሸቀጡን ሳይሆን የሰውን ጠባይ ነው የነገርከኝ፤ ከቂሙ በስተቀር” አሉ።

እኔ ግን ስለ ጠባይ ማሰብ አልቻልኩም። ጋሽ ተሰማ ያጠፉት ጥፋት ሲገኝ አንድ ብቻ ነው፤ ብርድ የሚፈልገውን ሙጫ እንደ ስንዴ ኮላ ማብሰላቸው። ለዚያ ሰው ወደ ላይ አይተላለፍም አልኩ። ሐሰን “ወንድሜ፣ ከዚያም ባነሰ ተላልፏል” አለኝና ነገ አብሮኝ ሊሄድ ቃል ገባ።

አምስተኛው ቀን

“ዛሬም ውኃህን ይዘህ መጣህ?” አሉ ጓድ ኃላፊ።

ሐሰን በጨዋ ቃል አስረዳቸው። ሙቅ ውኃ እንዲመጣ ጠየቀ። የሻይዋ ሴትዮ ለስኳር ወረፋ ወጥታለች፤ ፎርኔሎው ላምባ የለውም። ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ይበርዳል።

“እንግዲያው የሰው ገላ ይበቃል፤ ብብት ውስጥ ትንሽ ቢቆይ” አለ ሐሰን።

ጠርሙሱን ወደ እኔ ብብት ላስገባ ስል ጓድ ኃላፊ ቀሙኝ። “በተጨባጭ ሲታይ በልብስህ ውስጥ ልትለውጠው ትችላለህ!” አሉና፣ በአብዮታዊ ንቃት፣ የካኪ ኮታቸውን ከፍተው ራሳቸው በግራ ብብታቸው ወተፉት።

ወዲያው በሩ ተከፈተና ከበላይ አካል የተላኩ ጓዶች ስለ በዓሉ ዝግጅት ለመነጋገር ገቡ። ጓድ ኃላፊ ምን ያድርጉ? ክንዳቸውን አጥብቀው ይዘው ስለ ንቃት ረጅም ንግግር አደረጉ። ንግግሩ ሲያልቅ እንደ ደንቡ ሁላችንም ተነሥተን መፈክር ማሰማት ነበረብን። መፈክር የሚባለው ደግሞ የግራ ክንድ ከነጭብጡ ወደ ላይ ተወርውሮ ነው። ጓድ ኃላፊ ላባቸው መጣ። ትንሽ አመነቱና ቀኝ እጃቸውን ወረወሩ።

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መመሪያ ተለውጦ ይሆን? ለእነሱ ሳይነገራቸው? አንደኛው ቀስ ብሎ ግራውን አወረደና ቀኙን አነሣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። እኔና ሐሰንም አነሣን። እንግዶቹ እያጨበጨቡ ወጡ፤ በደረጃው ላይ አንዱ ሌላውን “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ሲለው ሰማሁ።

በሩ ሲዘጋ ጓድ ኃላፊ ጠርሙሱን አወጡ። ወተት ሆኗል። እሱን፣ ከዚያ ብብታቸውን፣ ከዚያ እኛን አዩ።

“ይሄ… ከእኔ ነው?”

“ከሙቀትዎ ነው ጓድ” አለ ሐሰን።

“ስለ እጁ ጉዳይ…”

“የትኛው እጅ?” አልኩ እኔ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ወረቀቱን መጻፍ ነበር፤ እሱም ከኬሚስትሪው ይከብድ ነበር። የወዳጅ አገር ስጦታ ችግር አለበት ማለት አይቻልም። ጋሽ ተሰማ ያለ ጥፋት ታሰሩ ማለት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በመጨረሻ እንዲህ ተጻፈ፦ ሙጫው በደጋ አየር እጅግ አመርቂ ውጤት ያሳየ ስለሆነ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ደጋ ይዛወር፤ ለጣፊው በስንዴ ኮላ በዓሉን እንዲያደምቅ ወደ ሥራው ይመለስ። ወደ ላይ የተላለፈው ሙጫው ሆነ። እኔም ወረቀቱን ይዤ ከቸርችል እስከ ፒያሳ በዝናብ ሮጥኩ።

እትዬ ዘነበች ወረቀቱን አላነበቡትም፤ ፊቴን አይተው በቃቸው። ለወንድማቸው ወፍራም የሱፍ ሹራብ አመጡ።

“እትዬ፣ ድሬዳዋ እኮ ነው!”

“የእስር ቤት ወለል ይበርዳል።”

“እዚያ ወለሉም ይሞቃል።”

“ወለል ወለል ነው” ብለው ሻንጣዬ ውስጥ ከተቱት።

መመለሻው

የመልሱን መንገድ ብዙ አላወራም፤ ቁልቁለት ነው። ፊናንሶቹ ከአዲስ አበባ ሹራብ የሚያመጣ ሰው ምን እንደሚባል መመሪያ ስላልነበራቸው ዝም አሉኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳይገባው ፈታቸው።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጋሽ ተሰማ ከበራቸው ፊት አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። የእህታቸውን ሹራብ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ላባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ አውልቁት ቢባሉ “የዘነበች ነው” እያሉ እምቢ አሉ። ጠርሙሱን አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀመጥኩላቸውና የአፍንጮ በሩን ተአምር፣ የቸርችሉን ብብት ነገርኳቸው። እስኪያንቃቸው ሳቁ። ጠርሙሱ ገና የቀኑ ሙቀት አልለቀቀውም፤ ነጭ ነበር።

ፀሐይ ስትገባ ጎረቤቶች መምጣት ጀመሩ። አንዱ ሐብሐብ፣ ሌላዋ ከራሽን የተረፈች ስኳር ይዛ። ሁሉም ሥራ በዝቶበት እንደነበር ተናገረ። መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊው አቶ ግዛው መጣና ሳይቀመጥ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሲያጣ ጠርሙሱን አየ። ነፋሱ ቀዝቀዝ እያለ ሲመጣ ሙጫው ከጫፉ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየጠራ ነበር።

“ይሄ ነው እንዴ ያ ሙጫ?” አለ አቶ ግዛው። “ሲሞቅ ይለቅና… ሲበርድ ይመለሳል ማለት ነው?”

የሴቶቹ ዓይን መሬት ላይ ነበር። ጋሽ ተሰማ ላባቸውን በሹራቡ እጅጌ ጠረጉ።

“አዎ። ክፉ ሙጫ እንኳ አይደለም፤ የአየሩ ነገር ነው” አሉ። ከዚያ በአግዳሚዋ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት። “ና ተቀመጥ ግዛው፤ አሁን በርዷል።”